ሌፍት ያለው ልጅ፦ ከደሴ የአርሰናል ግሩፕ የተወሰደ አንድ የጉዳይ ጥናት

ልጁ የአክስቴ ልጅ ነው። ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ደሴ ተወልዶ ደሴ ነው ያደገው፣ ኤዲኤችዲ (ትኩረትንና ችኮላን መቆጣጠር ከልጅነት ጀምሮ ሚያስቸግርበት የአእምሮ ሁኔታ) እንዳለበት በሐኪም ከተነገረው ቆይቷል። ስሙንም ሰፈሩንም አልጽፍም፣ ሌላም ማንነቱን ሚያሳውቅ ነገር ትቻለሁ፣ ከተማችን ውስጥ ሁሉም ሰው ይተዋወቃላ። ከማውጣቴ በፊት እሱ ራሱ አንብቦ «ይውጣ፣ እንደኔ የሆነ ሰው ካለ ያንብበው» ብሎኛል፣ ጨምሪበት ያለኝንም ጨምሬያለሁ። እኔ የተማርኩት ሳይኮሎጂ ነው፣ ሥራዬም ከተማሪዎች ጋር ነው፣ ይሄንን የመገፋት ፍርሃቱን ታሪክ ግን እንደ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን እንደ እህትም ነው ምጽፈው።

የሆነው ነገር ለሌላ ሰው ሲነገር ትንሽ ነው ሚመስለው። መጋቢት 30 ቀን 2017 ማታ 4 ሰዓት ላይ አርሰናል ከሪያል ማድሪድ የሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታውን ለንደን ላይ ሊጫወት ነው። ኢድ ካለፈ ገና ሳምንት ቢሆነው ነው፣ ክርስቲያኑ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነው፣ ከተማው ውስጥ ግን ወሬው ሁሉ ኳስ ነበር። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ ሲጽፍ ዋለ። ሚጽፈው ስለ ፈረንጆቹ 2006 ነው፣ አርሰናል በርናባው ሄዶ በቲየሪ ሄንሪ ጎል 1 ለ 0 ስላሸነፈበት ጨዋታ፣ እዛ ሜዳ ላይ ማድሪድን የረታ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ክለብ ስለመሆኑ፣ መልሱ በያኔው የአርሰናል ሜዳ ሃይበሪ ላይ 0 ለ 0 ስለማለቁ፣ በዛ ዓመት በተከታታይ 10 የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ጎል ሳይገባበት ፓሪስ ፍጻሜ ደርሶ በረኛው ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ወጥቶ በባርሴሎና 2 ለ 1 ስለተሸነፈው፣ ከዛ ደግሞ የያኔውን ተከላካይ ካሁኑ ጋር አንድ በአንድ እያስተያየ። እሱ ያኔ ገና ጨቅላ ነበር፣ ሁሉንም በኋላ ፈልጎ አንብቦ አይቶ ነው ያወቀው፣ እና እንዲህ አይነት ነገር ሲይዝ እንቅልፍም ምግብም ትዝ አይለውም። ጽሑፉን ለእናቱ ጮክ ብሎ አነበበላት፣ አክስቴ ስለ ኳስ ምንም አታውቅም ግን ቡና እየወቀጠች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

ግሩፑ ቴሌግራም ላይ ነው፣ ከሰማንያ የማይበልጥ ሰው ያለበት፣ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ደጋፊዎች የሰበሰቡት። ጽሑፉን ላከው። ስልክ ላይ ሲታይ ወደ ታች አራት አምስት ጊዜ ሚገፋ ነው። ደቂቃ ሳይቆይ አንዱ እንዲህ ብሎ መለሰ፦ «ወንድሜ ይሄ ፖስት ነው ወይስ ኪታብ?» ከስሩ የሳቅ ኢሞጂ ተደረደረ። ሌላው «ሸሆቹ ይቅሩልን» አለ። ሶስተኛው «ላይን አፑን ማን ይዞታል?» ብሎ ጠየቀ፣ ወሬው በዛው ወደ አሰላለፍ ዞረ፣ አለቀ። ለሌላው ሁሉ በቃ አለቀ ማለቴ ነው።

ለሱ ግን አላለቀም። ከመቶ ሰው በታች በሆነ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የራስህን መልዕክት ስትጫነው እነማን እንዳዩት በስም ይዘረዝርልሃል፣ እስከ ሰባት ቀን ድረስ። ያንን ዝርዝር ከፈተው። ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አነበባቸው፣ ዘጋው፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከፈተው፣ ስም ሲጨመር ያያል፣ ላይክ ሚያረግ የለም። ከዛ ጽሑፉን ሰረዘው። ያም አልበቃውም፣ ወደ ላይ እየወጣ በወራት ውስጥ የጻፈውን ሁሉ አንድ በአንድ መሰረዝ ጀመረ፣ የኢድ ሙባረኩን ሳይቀር፣ ሲጨርስ ከግሩፑ «ሌፍት» አለ፣ ወጣ። ጨዋታውንም አላየም። የአርሰናሉ ራይስ ሁለት ቅጣት ምት አግብቶ፣ በክለብ ሕይወቱ ሙሉ አንድም ቀጥታ ቅጣት ምት አግብቶ ማያውቅ ሰው በአንድ ማታ ሁለት አግብቶ፣ ሜሪኖ ሶስተኛውን ጨምሮ 3 ለ 0 ሲያልቅ፣ ከፒያሳ በኩል ጩኸቱ ቤታቸው ድረስ ሲሰማ፣ እሱ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። አክስቴ ደወለችልኝ፣ «ኧረ ልጄን ምን አርገውት ነው፣ እህል አልቀምስ አለኝ፣ ሰው ሞተብህ ወይ ስለው አይመልስልኝም» አለችኝ።

ከዚህ በፊት ምን ነበረ

ልጁ ልጅ እያለ «ቀዥቃዣ» ነበር ሚባለው። ደብተር ይጥላል፣ ሰው ሳይጨርስ ያቋርጣል፣ የወደደውን ነገር ሲያገኝ ግን ከዛ ላይ ሚያነሳው የለም። ጎረቤት ዓይን ነክቶት ነው አለ፣ አክስቴ ዱዓ አስደረገች፣ ሩቅያም አስቀራችበት፣ በሷ አልፈርድም፣ የነበራትን ሁሉ ነው ያደረገችው። አንድ አስተማሪ ክፍል ውስጥ «አንተ ቀልብህን ቤት ጥለኸው ነው ምትመጣው» ብሎት ክፍሉ በሙሉ የሳቀበትን ቀን ዛሬም ቃል በቃል ይናገረዋል፣ የት ጋ ተቀምጦ እንደነበረ ጭምር። በአገራችን ኦቲዝም ሚለውን ብዙ ሰው ሰምቷል፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በፈረንጆቹ 2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች ጀምሮ ደክማ ያሳወቀችው ነገር ነው፣ ኤዲኤችዲ ግን ገና የባለጌነት ወይ የስንፍና ሌላ ስም ነው ሚመስላቸው። እሱም ያወቀው አስራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ በእንቅልፍ ችግር ሐኪም ጋ ሄዶ ነው፣ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት ጀምረው መታየት ስላለባቸው ሐኪሙ እናቱን አስጠርቶ ስለ ልጅነቱ ሲጠይቃት አክስቴ ያለቀሰችው እዛ ነው።

አሁን ኒውሮዳይቨርጀንት በሚለው ቃል ኤዲኤችዲም ኦቲዝምም ዲስሌክሲያም (ማንበብና መጻፍ ሚያስቸግር ሁኔታ) ያለባቸውን፣ በጥቅሉ አእምሯቸው ከብዙሃኑ በተለየ መንገድ ሚሠራ ሰዎችን አንድ ላይ ይጠሯቸዋል። ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች በእኩዮቻቸው የመገፋት ዕድላቸው ከሌላው ልጅ በብዙ ከፍ ያለ እንደሆነ በተደጋጋሚ ተጠንቷል። ይሄንን አስቀድሜ ማነሳው ሰዎች የሱን የመገፋት ፍርሃት ከባዶ የፈጠረው እንዳይመስላቸው ነው። ከዚህኛው ግሩፕ በፊት የነበረበት ሌላ ትልቅ ግሩፕ በእውነት ገፍቶታል፣ የጻፈውን ስክሪንሾት እያረጉ ተሳልቀውበታል፣ መጨረሻ ላይም ያለ አንድ ቃል አስወጥተውታል። ፍርሃቱ ከዛ የተማረው ነው።

ለምን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ይሄን ያህል ሆነበት ለሚል ሰው የወሎን ያለፉ ዓመታት ማስታወስ አለብኝ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤተሰቡ ከብዙ ሰው ጋር ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ፣ ሲመለሱ ጓደኞቹ ግማሹ አዲስ አበባ ቀሩ ግማሹ ዓረብ አገር ሄዱ። በ2015 ክረምት ደግሞ የክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋረጠና ለወራት ጠፋ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ እየሄደ ነበር መልዕክት ሚልከው፣ የላከው አንድ ራይት ብቻ ሆኖ፣ ማለትም ገና ሳይነበብ፣ ለቀናት ይቀመጣል። አንድ ቀን የነገረኝን አልረሳውም፣ «ዳታ እንደሌላቸው አውቃለሁ እኮ እትዬ፣ እኔም የለኝም፣ ግን አንዱን ራይት ሳይ ትተውኝ ነው ሚመስለኝ» አለኝ። ዳታው ሲመለስ ይሄ የአርሰናል ግሩፕ ነበር የቀረው፣ ሌላ ሰው የለውም ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ፍርሃቱ እንዴት እንደሚሠራ

አንዱን ራይት እያየ ተተውኩ ያለው ነገር ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባለው ሳይኮሎጂስት ሳይበርቦል ሚባል ቀላል የኮምፒውተር ጨዋታ ሠርቷል፣ ሶስት ሆናችሁ ኳስ ትቀባበላላችሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ እርስ በርስ ብቻ መቀባበል ይጀምራሉ፣ ለናንተ አይሰጧችሁም። ይሄው ነው። ሰዎች በዚህ ይከፋቸዋል። በፈረንጆቹ 2004 በወጣ ጥናት ደግሞ ሌሎቹ ተጫዋቾች ሰው ሳይሆኑ ኮምፒውተር እንደሆኑ አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች እንኳን ከፍቷቸዋል። የመተው ስሜት ማስረጃ ቆጥሮ አይመጣም፣ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሐሳቡ ነው ከኋላ ሚከተለው። ይሄ እንግዲህ ማንኛችንም ላይ ያለ ነገር ነው፣ ኤዲኤችዲ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ስሜትን ማብረድ ራሱ ከባድ ስለሆነ ሌላው ሰው በአስር ደቂቃ ሚረሳው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ይዞት ያድራል።

በሳይኮሎጂ ለመገፋት ስሱ መሆን ብለው ያጠኑት ጀራልዲን ዳውኒና ስኮት ፌልድማን ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1996 ያወጡት ሥራ ነው። እነሱ እንዳሉት እንዲህ ያለ ሰው መገፋትን በጭንቀት ይጠብቃል፣ በትንሽ ምልክት ያየዋል፣ ሲያየው ደግሞ ከልክ በላይ ይጎዳል። ሚያሳዝነው ቀጥሎ ሚመጣው ነው፣ ሰውየው ራሱን ለመጠበቅ ሚያደርገው ነገር፣ መቆጣቱ፣ ማኩረፉ፣ ቀድሞ መውጣቱ፣ ያንን የፈራውን መገፋት ጎትቶ ያመጣዋል። ኤዲኤችዲ ባለባቸው ላይ ሲሆን አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ዶድሰን ሪጀክሽን ሴንሲቲቭ ዲስፎሪያ (ተገፋሁ ሲሉ ሚመጣ ከባድ የስሜት ሥቃይ) እያለ ያስለመደው ስም አለ፣ በይፋዊው የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ የለም፣ ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎም አይጻፍም፣ ልጁ ግን ይሄንን ስም ሲሰማ «አለ ማለት ነው? ስም አለው?» ብሎ ነው የጠየቀኝ፣ ደጋግሞ።

በግሩፑ በኩልስ

ይሄኛውን ወገን ሳልሰማ መጻፍ አልፈለግሁም። አድሚኑን አውቀዋለሁ፣ ባጃጅ ነው ሚሠራው፣ ከፒያሳ ሸዋ በር። ልጁ ከግሩፑ መውጣቱን ያወቁት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። 3 ለ 0 ሲሆን ሰው ሁሉ ያንን የ2006 ነገር ማውራት ፈለገ፣ ወደ ላይ ቢሄዱ የለም፣ ጽሑፉም የለም ልጁም የለም። «ኮራብን መሰለን» አለኝ አድሚኑ፣ «አሸንፈን ደስ ብሎን እያለ ጥሎን ሄደ፣ ምን በደልነው?» «ኪታብ» ብሎ የመለሰለትን ልጅም አገኘሁት፣ ሱቅ ነው ሚሠራው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሲሰማ ደነገጠ። «እኔ እኮ ማልወደውን ሰው ሙድ አልይዝበትም» አለኝ፣ «የሱን ጽሑፍ ከስራ ስወጣ ላነበው ይዤው ነበር፣ ሰረዘብኝ።»

እዚህ ጋ ነው ሁለቱም እውነት ሚናገሩት። ወሎ ውስጥ ጨዋታና ፉገራ የፍቅር ምልክት ነው፣ ሰው ካልተፎገረ ገና እንግዳ ነው ማለት ነው፣ ይሄ ግን ፊት ለፊት ተቀምጦ ዓይንና ድምፅ እያለ ነው ሚሠራው። በጽሑፍ ሲሆን ድምፁ ይጠፋል። ክሩገርና ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በፈረንጆቹ 2005 ባወጡት ጥናት ሰዎች በኢሜይል የላኩት ሽሙጥ ሽሙጥነቱ በደንብ ይታወቅልናል ብለው ሲገምቱ ተቀባዮቹ ግን በግምት ከመምታት ብዙም አልተሻሉም፣ ያንኑ በድምፅ ሲሰሙት ግን በጣም ለይተውታል። ይሄ እንግዲህ ኤዲኤችዲም ኦቲዝምም የሌለባቸው ሰዎች ናቸው። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ዴሚያን ሚልተን የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በፈረንጆቹ 2012 ያነሳው ነጥብ አለ፣ አለመግባባቱ የአንድ ወገን ጉድለት አይደለም፣ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ማንበብ አቅቷቸው ነው ይላል። እሱ የጻፈው ስለ ኦቲዝም ነው፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ የነሱን ቀልድ ጥላቻ አርጎ አነበበው፣ እነሱ የሱን ሥቃይ ኩራት አርገው አነበቡት።

ያደረግነው

የዛን ማታ ምንም አልተከራከርኩትም። «ቀልድ እኮ ነው» አላልኩትም፣ ምክንያቱም ደረቱ እየተጨነቀ ላለ ሰው ቀልድ ነው ማለት ሥቃይህ ውሸት ነው ማለት ነው ሚሆንበት። አክስቴን ሾርባ አርጊለትና ስልኩን ሳትነጥቂው እንዲተኛ አርጊው አልኳት። ጠንከር በል፣ ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ ሚለውን ደግሞ አጎቱ ብሎት ነበር፣ ይሄን ምክር ሳስበው እናደዳለሁ፣ ይሄ ልጅ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠነክር ነው የኖረው።

በማግስቱ ከሰዓት አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍለን ተቀመጥን። በግራ በኩል «የተጻፈው»፣ በቀኝ በኩል «እኔ የጨመርኩት»። በመጀመሪያው ስር ሶስቱን መልዕክቶች ቃል በቃል ጻፈ፣ ሳቁንም ጻፈ። በሁለተኛው ስር «ሁሉም ሰልችቻቸዋለሁ»፣ «ቀድሞም ሊያስወጡኝ ምክንያት ሲፈልጉ ነበር»፣ «በግል እያወሩብኝ ነው» አለ። ከዛ አንድ ነገር ላይ ተከራከርን፣ ዝም ማለታቸውን የት ነው ምንጽፈው? እኔ የጨመርከው ነው አልኩ። እሱ በፍጹም፣ ዝምታው አለ፣ እኔ አልፈጠርኩትም፣ አይተው ዝም ብለዋል አለ። ትክክል ነበር፣ እና ወረቀቱ ላይ እንዲህ ሆኖ ተቀመጠ፦ ዝም ማለታቸው በግራ፣ ዝም ያሉት ጠልተውኝ ነው ሚለው በቀኝ። ይሄንን ወረቀት ዛሬም ስልኩ ሽፋን ውስጥ አጥፎ ይዞታል። ብዙ ሰው እንዲህ አይነት ሥራ ሲሠራ ሰውየው የሚሰማውን ሁሉ «ሐሳብህ ነው» ብሎ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፣ እንደዛ ሲሆን ሰውየው ወረቀቱንም እናንተንም አያምንም።

ቀጥሎ አድሚኑን እንዳናግረው ፈቃድ ጠየቅኩት። ስለ ኤዲኤችዲው እንዳልናገር አለኝ፣ አልተናገርኩም፣ ያ የሱ ነው ሲፈልግ ሚናገረው። ለአድሚኑ ያልኩት ይሄን ብቻ ነው፦ በጽሑፍ ሲሆን ቀልድና ቁምነገር አይለይለትም፣ ምታስበውን በግልጽ ንገረው፣ ከተቻለ በድምፅ። አድሚኑ ባጃጁን አቁሞ ቮይስ ላከለት፣ ከኋላው የመኪና ጥሩንባ ይሰማል፦ «ስማኝ ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ረዝሟል። እውነቱን ነው ምነግርህ፣ ረዝሟል። አንተን ግን ማንም አልጠላም፣ ወላሂ። ሶስት ቦታ ቁረጠውና ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት አንዱን፣ ማታ አንዱን ላከው። ሰው ያነበዋል። ትመለሳለህ ወይ?»

ልጁ ይሄን ቮይስ ስንት ጊዜ እንደሰማው አላህ ይወቅ። ምን እንዳሳመነው ስጠይቀው «ረዝሟል ማለቱ» አለኝ። ምንም አልረዘመም፣ በጣም አሪፍ ነው ቢለው ኖሮ ሊያባብለኝ ነው ብሎ ሁለተኛውንም ግማሽ አያምነውም ነበር። ጥፋቱን ሳይሸፍን ስለነገረው ነው «አልጠላንህም» ሚለውን መቀበል የቻለው። ለኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ መገፋትን ለሚፈራ ሰው ማለስለስ አይጠቅመውም፣ የለሰለሰ ንግግር ውስጥ ሁልጊዜ የተደበቀ ነገር ይፈልጋል። ግልጽ የሆነ፣ ምን እንደተባለና ምን እንዳልተባለ ሚለይ ንግግር ነው ሚያሳርፈው።

መመለሱም ቀላል አልነበረም። ያስፈራው አንድ የማይረባ ሚመስል ነገር ነው፣ ግሩፕ ስትገባ «እገሌ ተቀላቀለ» ሚለው መስመር ለሁሉም ይታያል፣ ያንን ሰው ሁሉ አይቶ «ተመለሰ እንዴ» ይላል ብሎ። አድሚኑ ይሄን ሲሰማ አልሳቀም፣ «አጠፋዋለሁ» አለ፣ ባስገባው ደቂቃ መስመሩን ሰረዘው። ሚያዝያ 8 ለመልሱ ጨዋታ ሲደርስ ደግሞ ሳምንቱ ሕማማት ነበር፣ አድሚኑ ሙስሊም ነው ግን አስቦ ቀድሞ ነገረው፦ «ሕማማት ነው፣ ክርስቲያኖቹ ስግደት ላይ ናቸው፣ ግማሹ ሰው ላይመልስልህ ይችላል፣ ካንተ ጋር አይገናኝም።» ይሄንን ሰው ማንም ሳይኮሎጂ አላስተማረውም።

ልጁ ጽሑፉን ሶስት ቦታ ቆርጦ ላከው። ጠዋት የላከው ላይ ጥቂት ሰው ላይክ አደረገ፣ ከሰዓቱ ላይ ኪታብ ያለው ልጅ ራሱ ጥያቄ ጠየቀው፣ ስለ ሌማን፣ በዛው ሲጻጻፉ አመሹ። ማታ ሳካ በ65ኛው አገባ፣ የማድሪዱ ቪኒሲየስ ወዲያው አቻ አረገ፣ በጭማሪው ማርቲኔሊ ጨረሰው፣ 2 ለ 1፣ በድምር 5 ለ 1፣ በርናባው ላይ እንደገና። ልጁ ቤቱ በስልኩ ነበር ያየው፣ ግን ከሰው ጋር እየጻፈ።

ግሩፑም አንድ ነገር ለወጠ። ሙድ ሲይዙ መጨረሻ ላይ «ሙድ ነው» ብለው መጻፍ ጀመሩ። አንዳንዱ ቀልድ ከተብራራ ምን ቀልድ ነው ብሎ አጉረመረመ፣ በኋላ ለመደው። አንዲት ከኮምቦልቻ ያለች ልጅ ለአድሚኑ በግሏ «እኔም እየጻፍኩ ሳልልክ ምሰርዘው ብዙ ነበር፣ አሁን እየላክሁ ነው» ብላዋለች። እሷ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፣ ምንም ላይኖር ይችላል።

ከዛ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን መጣ። ሚያዝያ 21 ለንደን ላይ 1 ለ 0፣ ሚያዝያ 29 ፓሪስ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፈን ወጣን፣ የዛን ማታ ግሩፑ ስድብ በስድብ ሆነ፣ እርስ በርስ፣ አሰልጣኙን፣ ሁሉንም። አንዱ ለልጁ «ከዚህ በኋላ እንዳትጽፍ፣ ገድህ ጥሩ አይደለም» አለው፣ «ሙድ ነው» ሚለውም አልተጻፈበትም። እኔ በማግስቱ ሳየው የፈራሁት ተመልሶ ሁሉንም ሰርዞ እንዳይሆን ነበር። እሱ ግን እዛው ስር «ሙድ ነው ወይስ የእውነት ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ይሄን መጻፍ ምን ያህል እንደከበደው ልገልጽላችሁ አልችልም፣ ጽፎ ስልኩን እናቱ ጋ አስቀምጦ ነው የወጣው። መልሱ እስከ ጠዋት አልመጣም፣ ሌሊቱን አልተኛም፣ እነማን እንዳዩት ሚያሳየውን ዝርዝር ግን አልከፈተም። ጠዋት «ተናድጄ ነው ወንድሜ፣ ባንተ አይደለም፣ አፉ በለኝ» ሚል መጣ።

ይሄ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ ሚዳን ነገርም አይደለም። የሐኪም ክትትሉ ቀጥሏል፣ እንቅልፉ ሲበላሽ ሁሉም ነገር አብሮ ይበላሻል፣ ስለዚህ በጨዋታ ማግስት ጠዋት ቀጠሮ አይዝም። ትላልቆቹ የአገር አቀፍ ግሩፖች ውስጥ ግባ ሲሉት እምቢ ብሏል፣ እኔም አልገፋውም። እዛ ያለው ሙድ ሳይሆን እውነተኛ ጭካኔ ሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እንደዛ ካለ ቦታ መውጣት ፈሪነት አይደለም። አሁን አዲስ ነገር ሲጽፍ መጀመሪያ ለአድሚኑ ይልክና «ረዘመ?» ይለዋል፣ አድሚኑም ከረዘመ ረዝሟል ይለዋል።

ገና ያልተፈታው ካፌው ነው። ሰዎቹ ትልልቅ ጨዋታ ፒያሳ አካባቢ አንድ ካፌ ተሰብስበው ነው ሚያዩት፣ ልጁ አንዴ እስከ በሩ ሄዶ ተመልሷል፣ ጫጫታውም ሰዉም በአንድ ጊዜ ሆነበት። ለቀጣዩ ሲዝን የተነጋገሩት እንዲህ ነው፦ አድሚኑ በባጃጅ ከቤቱ ይወስደዋል፣ ወንበሩ በሩ አጠገብ ይያዝለታል፣ በመሃል ልውጣ ካለ ማንም ለምን አይለውም፣ ኪታብ ያለው ልጅ ደግሞ አጠገቡ ይቀመጣል።